ባለገለባው ጎረቤት

ተረት ተረት፤ የውሃ ዳር በረት።

በአንዲት የበረሃ ከተማ አንድ ችኩል ሽኮኮ ነበረ። አሸዋው ቢሰለቸው ቤት ሊመርጥ ወደ ለምለሙ ወንዝ ዳር ወረደ። ከውሃው ጠርዝ ግራር አየና ከሥሩ መቆፈር ጀመረ።

ከላይ ካለው ቋጥኝ ላይ የምትኖር አሮጊት ኤሊ ቀስ ብላ መጣች።

«አያ ሽኮኮ፣ እስቲ ቀና በል። ያ ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ገለባ የማን ይመስልሃል?»

«የወፍ ጎጆ ነዋ! ጎረቤትም አገኘሁ።»

«የወንዙ ነው። አምና ሲሞላ እዚያ ሰቅሎት ሄደ።»

ሽኮኮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እመት ኤሊ፣ ወንዝ ደግሞ መቼ ነው ዛፍ መውጣት የተማረው?»

በሳምንቱ ደጋው ላይ ዘነበና፣ ከተማዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ በጠራራ ፀሐይ ደራሽ ጎርፍ መጣ። ኤሊ አንገቷን አውጥታ ብታይ ሽኮኮ ከቅርንጫፉ ላይ ገለባውን አቅፎ ተቀምጧል።

«አያ ሽኮኮ፣ ሰፈሩ እንዴት ነው?»

«ሰፈሩስ ለምለም ነው» አለ ጆሮው ውሃ እያንጠባጠበ፤ «ባለገለባው ግን ሳይጠሩት ጓዳ ድረስ የሚገባ ጎረቤት ነው። ካንቺ ቋጥኝ አጠገብ ቦታ አይጠፋም?»

ይኸው እስከ ዛሬ ሽኮኮ ሣር ሊግጥ ይወርዳል፤ ቤቱ ግን ቋጥኝ ላይ ነው።

ተረቴን መልሱ፣ የሽኮኮን ጆሮ አብሱ።