ዝም ያለችው ኮረሪማ

ተረት ተረት በሉ፤ ፀሐይ የበዛባችሁ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ድሮ፣ ግን ያን ያህል ድሮ ያልሆነ፣ አንድ መናፈሻ ነበረ። በመሀሉ አባባ ዋንዛ የሚሉት ትልቅ ዛፍ ቆሟል። ከሥሩ ጥላ የሚወዱ ተክሎች ለጎብኚ ዓይን ተደርድረዋል። ፊት ለፊት ጎደሬ አለች፣ ቅጠሏ እንደ ሰፌድ የሰፋ። ጥግ ላይ ደግሞ ኮረሪማ ከሦስት ቡቃያ ልጆቿ ጋር። ሰው ሁሉ ጎደሬን አይቶ "አቤት ቅጠል!" ይላል። ኮረሪማን የሚያያት የለም፤ እሷ ግን ሁሉን ታያለች። እናቷ ስታሳድጋት "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ብላታለች።

ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ እዚያ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ፎቶ አንሺው "ጨለማ ነው" ብሎ አጉረመረመ። ጎደሬ ሰማችና አትክልተኛውን ጠራችው።

"ጋሽ ድንበሩ! ይህ ሽማግሌ ሸፈነኝ እኮ። ቅርንጫፉን ቁረጥልኝና ልታይ!"

ጋሽ ድንበሩ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበረ። "ይቆረጥ የምትሉ ቅጠል አንሱ!" አለ። ጎደሬ አንድ ቅጠሏን ብታነሳ መናፈሻው በሙሉ ያነሳ መሰለ።

"ዝም ያሉትስ?" አለ ዋንዛው።

"ዝም ያለ ተስማምቷል!" አለ ጋሽ ድንበሩ።

ኮረሪማ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትመጣ ታውቃለች። ልትናገር አለች፤ ዝንቡ ትዝ አላትና ቃሏን ዋጠችው። ቅርንጫፉ ወደቀ። የትንሹ ልጇ ጫፍ ቢጫ ሆነ።

በሳምንቱ ጎደሬ "አሁንም በደንብ አልታየሁም! እኩሌታው ይቆረጥ!" አለች። ቅጠል ተነሳ። ዝም ያለ ተስማማ። እኩሌታው ወደቀ። መካከለኛው ልጇ አንገቱን ደፋ።

በሦስተኛው ሳምንት "ከግንዱ!" አለች ጎደሬ።

ያኔ ኮረሪማ ለመናገር ቀጭን ቅጠሏን አነሳች። "ኧረ ልጆቼ! እሱ ከሄደ የሚያዝያን ፀሐይ ማን ይመልስልናል?"

"ውይ! አፍ ነበራት እንዴ?" ብላ ሳቀች ጎደሬ።

"እመት ኮረሪማ፣" አለ ጋሽ ድንበሩ፣ "ሁለቴ ተስማምተሽ በሦስተኛው ምን ያስለቅስሻል?"

"መች ተስማማሁ?"

"ዝም አላልሽም?"

መጥረቢያው መጣ። ዋንዛው ከመውደቁ በፊት ቁልቁል አያት። "አንቺ፣ ሥሬ ላይ ያደግሽው፣ ታውቂ ነበር አይደል?"

ሚያዝያ ገባ። ጎደሬ ታየች፣ አንድ ቀን። በማግስቱ ቅጠሏ ተጠቀለለ፤ በሦስተኛው ቀን እንደ እሳት የነካው ወረቀት ጠቆረ። ሙሽሮች መጡ። ሚዜው ግንባሩን እየጠረገ "ኧረ ሙሽራችን ቀለጠች! ጥላ ያለበት ውሰዱን!" አለ፤ ከበራፉ ተመለሱ።

ጎደሬ እየደረቀች ወደ ጥጉ ዞረች። "ካወቅሽ ምነው ቀድመሽ አልነገርሽን?"

ኮረሪማ የደረቁትን ሦስት ልጆቿን እያየች ነበር። አፏ ዝንብ አልገባበትም። የገባችው ፀሐይ ናት።

ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦው ይቅርብኝ፤ ብቻ ዝም ብላችሁ አትመልሱልኝ።