እታለማሁ ያልደረሰችበት ቀብር

በአንድ ወቅት፣ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ሰሐን ከመደርደሪያው የሚንቀጠቀጥበት ሰፈር ነበረ። ከማረፊያው የሽቦ አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ ስለተሠራ ሰዉ ሽቦ ሥር ይለዋል። በዚያ ሰፈር ሦስት የአንድ እናት ልጆች ይኖሩ ነበር። ታላቁ ላቀው ግንበኛ ነው፤ መካከለኛዋ ትብለጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ታናሹ ዳኛቸው ሠርግና ልደት በድሮን ይቀርጻል። እናታቸው ስትሞት አንስተው ያሳደጓቸው ጎረቤታቸው አባባ ገብረየስ ናቸው። አባባ የወለዷት አንዲት እታለማሁን ብቻ ነው፤ እሷም ኑሮዋ አዲስ አበባ ነው።

አባባ ገብረየስ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አረፉ። እታለማሁ በስልክ እያለቀሰች፣ «ነገ በአውሮፕላን እመጣለሁ። ፊቱን ሳላይ አፈር እንዳታለብሱት፤ አደራ!» አለች። ከተማው ቆላ ነው፤ ሬሳ የሚያቆይ በረዶ ቤት የለውም። አውሮፕላኑም በቀን አንዴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እንዲህ ተቆረጠ፦ ሬሳው ዘጠኝ ሰዓት ከቤት ይወጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ሲደረግ እሷ ትደርሳለች፤ አሥር ሰዓት ላይ ፊታቸውን አይታ ይቀበራሉ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ዘለለው ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። «ልጅቷ እኮ ሽኝቱን ሳታይ ልትቀር ነው። ይሄ ሁሉ ሰው አባቷን እንዴት አድርጎ እንደሸኘ ትየው እንጂ። ዳኛቸው፣ ያቺ የምታስበርራት ነገር የት አለች?»

«ጋሼ፣ እዚህ ሽቦ ሥር ያለ ፈቃድ ካነሳኋት እኔም እሷም ታስረን ነው የምናድረው» አለ ዳኛቸው።

«ፈቃዱን ለኔ ተወው» ብሎ ላቀው ተነሳ።

ላቀው ረቡዕ ማለዳ የማረፊያው ቢሮ ሳይከፈት ደጁ ላይ ቆሞ ተገኘ። «ነገ ና» ቢሉት አልሄደም፤ «ያሳደገኝ ሰው ሞቶ ቤት ተኝቷል» ብሎ በሩን ይዞ ቆመ። ጸሐፊው በመጨረሻ፣ «ከስንት ሰዓት እስከ ስንት?» አለው። «ከዘጠኝ እስከ አሥር» አለ ላቀው። እዚያ ቤት ታዲያ ሰዓት የሚቆጠረው በፈረንጅ ነው፤ በነሱ ዘጠኝ ማለት የኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ጸሐፊው «ታዲያ ምን ቀረህ!» ብሎ እየተሯሯጠ አስፈረመለት። ላቀው ለሟቹ ክብር የተሯሯጠለት መሰለው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። «አንብበህ ፈርም» ተባለ። ላቀው ከአራተኛ ክፍል ወዲያ አልተማረም፤ «አንብቡልኝ» ማለት ደግሞ ከኋላው በተሰለፈው ሰው ፊት ሞት ሆነበት። ዓይኑን ከላይ እስከ ታች አንከባለለና ፈረመ።

ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ሽማግሌዎቹ መረቁት። አቶ ዘለለውም ወረቀቱን ተቀብለው፣ «እስቲ ትብለጥ፣ አንቺ እይው» ብለው አቀበሏት።

ትብለጥ ወረቀቱን ገና ስታየው ገባት። የመድኃኒት ሰዓት ስትጽፍ የምትውል ልጅ ናት። ፈቃዱ ለጠዋት ነው፤ ጠዋቱ ደግሞ አልፏል። ቀና ስትል ላቀው ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጦ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያላገኘውን ቦታ አግኝቶ፣ ላቡን ይጠርጋል። አምና በእድሩ ስብሰባ ፊት አንድ ቃል ብታርመው ሦስት ወር አኩርፏት ነበር። «እኔ መሃይሙ» እያለ ማዕዷን አልቀምስ ብሎ። ስለዚህ «ደህና ነው» አለች። ግን ዝም ብላ አልተወችውም። ወረቀቱ ከታች ስልክ አለው፤ ድሮኑ ከመነሳቱ በፊት አውሮፕላን ወደሚቆጣጠሩበት ማማ ይደወል ይላል። ዳኛቸውን ወደ ጓሮ ጠርታ፣ «ሳታነሳት በፊት እዚህ ቁጥር ላይ ደውል። ሳትደውል እንዳታነሳ!» አለችው። በልቧ፣ ማማው ራሱ ይከለክለዋል፣ ማንም ሳያፍር ነገሩ ያልቃል ብላ ነው።

«እሺ እትዬ» አላት።

ዳኛቸው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልኩን አወጣ። መስመሩ ተይዟል። ደገመ፤ ተይዟል። ሬሳው ከበር ሲወጣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ጩኸቱን ለቀቁት፤ አቶ ዘለለው በከዘራቸው ወደ ሰማይ እየጠቆሙ፣ «ምን ትጠብቃለህ አንተ? ሊያልፍ ነው እኮ!» አሉት። ዳኛቸውም፣ «አውሮፕላናቸው መቼ እንደሚመጣ እነሱ አያውቁም? የፈቀዱልን እነሱ አይደሉ?» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። መቆጣጠሪያው ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ቢመጣም ተጫነውና አለፈው። ድሮኗም ተነሳች፤ ሽኝቱንም ከላይ አሳምራ ያዘችው።

ፍትሐቱ ተጀምሮ ሳለ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። ሰዉ ሁሉ ቀና አለ። ጎማውን አውጥቶ ዝቅ ብሎ ይታያል። «እታለም መጣች! እሰይ ደረሰች!» አሉ ሴቶቹ። ትብለጥ ግን ያየችው በአውሮፕላኑ አቅጣጫ የምታንዣብበውን ድሮን ነው። አውሮፕላኑ እንደገና አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ አገሳ፣ ከጣራው በላይ አልፎ ዞረ። አንዴ ዞረ፤ ሁለቴ ዞረ፤ ከዚያ ወደመጣበት ሄደ።

ዳኛቸው በሁለት ደቂቃ አውርዷታል፤ ማረፊያው ግን ሰማዩ እስኪጣራ ተብሎ ተዘግቷል። አውርዶም አልሸሸም፤ ድሮኗን ታቅፎ በእግሩ ወደ ማረፊያው ዘበኞች ሄዶ፣ «እኔ ነኝ» አለ። ያንን እንጀራውን የሚያገኝበትን ዕቃ ወሰዱበት፤ የወንድሙንም የእህቱንም ስም አላነሳም።

አውሮፕላኑ ይመለስ እንደሆን ተብሎ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተጠበቀ። ሙቀቱ ሙቀት ነው፤ ቄሶቹም «ከዚህ በላይ ለሟቹም አይገባም» አሉ። አባባ ገብረየስ ያለ ልጃቸው አፈር ለበሱ።

እታለማሁ በማግሥቱ ደረሰች። መቃብሩ ላይ ወድቃ አፈሩን በጣቷ ስትጭር አራት ሴት ነው ያነሳት። ያንን በዳኛቸው ስልክ ላይ የቀረውን ሽኝት ሊያሳያት የደፈረ የለም።

በዚያ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ የተበዳዩ ደጅ ይወድቃል። ሦስቱ ልጆች ሦስት ድንጋይ ተሸክመው፣ ሽማግሌ አስቀድመው ሄዱ። እታለማሁ ከደጃፉ ሳትነሳ አየቻቸው።

«አውርዱት» አለች። «ለሦስት ተካፍላችሁ አታቅልሉብኝ። እናንተን ታቅፌ ነው ያሳደግኳችሁ፤ ሦስታችሁንም አልጠላም። ግን የአባቴን ፊት የነሳኝ አንድ ሰው መሆን አለበት። ነገ ሰልስቱ ነው። ያ ሰው ብቻውን ድንጋዩን ይዞ ይምጣ፤ እግሬን ይያዝ፤ ይቅር እለዋለሁ። ሁላችን ካላችሁኝ ግን ማንም አልመጣም ማለት ነው፤ ቤቱን ዘግቼ እሄዳለሁ፤ ሽቦ ሥር የሚባል አገር አላውቅም።»

ሦስቱ ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ። ማንም ማንንም አያይም።

«እኔ ነኝ የምሄደው» አለ ላቀው። «ያላነበብኩትን ፈርሜ የመጣሁ እኔ። ለአንዲት ቃል አፍሬ።»

«ኧረ ጋሼ! ያበረርኩት እኔ። እሷ ደውል እያለችኝ ያልደወልኩት እኔ» አለ ዳኛቸው።

ላቀው ዞረ። «ማን ናት ደውል ያለችህ?»

ትብለጥ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ማንም አላወቀባትም፤ ዝም ብትል ዝም ብላ ልትኖር ትችል ነበር።

«ሰዓቱን አይቼው ነበር» አለች። «ድንኳኑ ውስጥ፣ ገና ሲሰጡኝ። የጠዋት መሆኑን አይቻለሁ።»

«አይተሽ ደህና ነው አልሽ?»

«በሰው ፊት አንተን ላለማሳፈር ነው ጋሼ።»

«እኔን ላለማሳፈር!» አለ ላቀው። «ሦስት ወር ባኮርፍሽ ኖሮ ምን ነበረበት? ዓመት ባኮርፍሽስ?»

ዳኛቸው አንገቱን ደፋ። «ብደውል ኖሮ እኮ ያንቺ ዝምታ ማንንም አይጎዳም ነበር፣ እትዬ።»

«ባነብ ኖሮ መደወልም አያስፈልግም ነበር» አለ ላቀው።

ወሬው ሰፈሩን ሲዞር ሰዉ ለሦስት ተከፈለ። ገሚሱ፣ አለማወቁን የደበቀ ሰው ነው የጉዱ ምንጭ አለ። ገሚሱ፣ አውቆ ዝም ያለ ሰው ነው እንጂ ያላወቀማ ምን ይደረጋል አለ። የቀረው ደግሞ፣ ወረቀት ምን ያርግ፣ ሰማይ ላይ የወጣው የዳኛቸው እጅ ነው አለ። ስለ ላቀው ማለዳ መቆም፣ ስለ ትብለጥ ማስጠንቀቅ፣ ስለ ዳኛቸው በእግሩ ሄዶ መያዝ የሚያነሱም አልጠፉም።

የሰልስቱ ዕለት ጠዋት ሦስቱም ወጡ። ከእታለማሁ አጥር ውጭ አንድ ድንጋይ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሦስቱም ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ እሷም ሻንጣዋን አጠገቧ አድርጋ ከደጃፉ ላይ ታያቸዋለች።

እናንተ ሽማግሌ ብትሆኑ፣ እንግዲህ ሳትፈሩና ሳታዳሉ ንገሩን፦ ድንጋዩን ማን ያንሳ?