ሼህ ኑርዬ ያላደረሱት ቃል

ልጆቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ ልጀምር። ስሟን እንጃ፣ ብቻ ውሃ የራቃት አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች። እዚያ ሼህ ኑርዬ የሚባሉ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ የተኳረፈ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። ለመስጊዱ የውዱእ ውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ሁለት ጓደኛሞችን ያዙ። ሙሄ ታች ሆኖ ይቆፍራል፣ እብሬ ላይ ሆኖ አፈሩን በገመድ ይስባል።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ዓለት ገጥሞት ቀረ። ቦታውን የመረጡት አብረው ነበር። እብሬ ግን መስጊድ በተሰበሰበው ጀመዓ ፊት «የሙሄ ምርጫ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ሙሄ አኮረፈው። ሌላ ጉድጓድ ሳይነጋገሩ ጀመሩ፤ አንድ ገመድ ይዘው እኮ ነው! ቃል የሚያመላልሱላቸው ሼሁ ሆኑ።

አንድ ቀን ወደ ማታ ግድም፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እብሬ መጣ።

«ሼህዬ፣ ለዚያ ደረቅ ንገሩልኝ። የጉድጓዱ አፍ በቂብላ በኩል ተሰንጥቋል። እንጨት ሳይደግፍ ነገ ከገባ እዚያው ይቀበር፣ እኔ አላወጣውም!»

ሼሁ ደነገጡ። ይህን ብነግረው ሞቴን ተመኘ ብሎ ጨርሶ ይቆርጣል፣ አሉ በሆዳቸው። ለሙሄ «ጓደኛህ ሰላም ብሎሃል፣ ያስብልሃል» አሉት።

ሙሄ ሳቀ። «ከእብሬ አፍ? ሼህዬ፣ እርስዎ ማር ቀብተውበት ነው እንጂ!»

በማግስቱ ሙሄ እንጨት ሳይደግፍ ወረደ። እብሬ አየው፤ ሰምቶ ናቀኝ ብሎ ፊቱን አዞረ። አፈሩ ተናደ። ሲያወጡት ሩሁ ወጥታ ነበር። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከቀብር መልስ የሙሄ ወንድሞች እብሬን አንቀው ያዙት።

«ስንጥቁን እያየህ አስገባኸው፤ ገዳይ!»

«በሼህዬ ልኬለታለሁ፣ ወላሂ!»

«እሳቸው ሰምተው ሳይነግሩት ይቀራሉ? ደግሞ በሼህ ላይ ታላክካለህ!»

ሼሁ ዝም ቢሉ የሚጠረጥራቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ጥምጣማቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ልቀቁት። ነግሮኛል። ያላደረስሁት እኔ ነኝ። ደሙን ከእኔ ጠይቁ።»

ሰው ሁሉ አለቀሰ። ወንድሞቹ «ለአላህ ብለን ምረናል፣ አፉ ብለናል» አሉ። ሼሁ ግን ራሳቸውን አፉ ሳይሉ ኖሩ። ከዚያ በኋላ አብሮ ሠሪ ተጣልቶ «ንገሩልኝ» ሲላቸው መልሳቸው ይህ ብቻ ሆነ፦

«ራስህ ፊቱ ተቀምጠህ ንገረው። እኔ መራራውን ስጠርግ ማስጠንቀቂያውን አብሬ ጠርጌዋለሁ።»

ለማስታረቅ ቃል ማለዘብ ይፈቀዳል ይላሉ ዑለሞቹ፤ እኔ ምን አውቄ እቃወማለሁ። ነገር ግን አብረው የሚሠሩ ሰዎች ክፉውንም ቃል ከባለቤቱ አፍ ቢሰሙት፣ ቢጯጯሁ እንኳ፣ ምን አለበት? ሰው ስለ ሼሁ ሐቀኝነት ያወራል፤ ይገባቸዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሙሄ ነው። እብሬ ያን ያህል የተቆጣው ስለፈራለት ነበር። ሙሄ ይህን ሳያውቅ፣ ጠላኝ እንዳለ ሄደ።