የመጨረሻዋ የማር ማሰሮ

በአንድ ወቅት ዙሪያዋ ገደል በሆነ አምባ ላይ እመት ጥሩወርቅ የሚባሉ ባልቴት ከሦስት ወንዶች ልጆቻቸውና ከሟች ሴት ልጃቸው ሕፃናት ጋር ይኖሩ ነበር። ክረምቱ ሲበረታ ብቸኛው መውረጃ መንገድ ተንዶ ገደል ገባ። ከዚያ ወዲያ በጠፍር ገመድ ካልሆነ የሚወርድ የለም፤ ያውም ለጎልማሳ እንጂ ለአሮጊትና ለሕፃን አይሆንም። ጎተራው ባዶ ነው። የተረፈው ማር ብቻ ነበር።

እናም ወንድማማቾቹ በየተራ አንድ አንድ ማሰሮ ማር ይዘው እየወረዱ በእህል ይለውጡ ጀመር። አንዱ ሲወርድ ሁለቱ ገመዱን ይይዛሉ። ሁሉም ሦስት ሦስት ጊዜ ወረዱ።

ታላቁ ጓንጉል በተነፋ ቆዳ ተንሳፎ ወንዙን እያቋረጠ ማር ወደሚወደድበት ሩቅ ገበያ ይሄዳል። መጀመሪያ ስድስት ቁና ገብስ አመጣ። በሁለተኛው ደራሽ ውሃ እህሉን ነጠቀውና ባዶ እጁን ተመለሰ። በሦስተኛው ስምንት አመጣ።

መካከለኛው ደምለው ከገደሉ ሥር ካለችው ትንሽ ገበያ አያልፍም። ሁለት ቁና፣ ሁለት ቁና፣ አሁንም ሁለት ቁና።

«አንተ እኮ ከደጃፍ የምትመለስ ነጋዴ ነህ!» ይለዋል ጓንጉል።

«አዎ፤ ግን እመለሳለሁ።»

ታናሹ ይስማው ወንዙ ላይ በወደቀ ግንድ ተሻግሮ ይገበያያል። ሁልጊዜ ሦስት ቁና።

በመጨረሻ አንዲት ማሰሮ ቀረች። መንገዱ እስኪጠገን ደግሞ ቤቱን የሚያቆየው ሦስት ቁና ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በድምር ከሄድን ጓንጉልን የሚያክል የለም። ግን ያመጣውን ብቻ ማየት ግማሽ ሥራ ነው፤ ምን ያህል ከፍ ዝቅ እያለ እንዳመጣውም መታየት አለበት። እመት ጥሩወርቅም ይህ ገብቷቸው ለአንድ ቁና አንድ ጠጠር እያሉ የእያንዳንዱን ጉዞ ለየብቻ ከመሩና በየልጁ ሦስት ክምር ላይ ሳንቃ አጋደሙበት። የጓንጉል ሳንቃ ተንጋደደ። የሁለቱ ቀጥ አለ፤ ከሁለቱ ደግሞ የይስማው ከፍ ይላል። በቃ፣ ይስማው ይሂድ ትሉኝ ይሆናል። እሳቸውም እንደዚያው አሰቡ።

«እማዬ፣ ያን ግንድ ከሥር በኩል አይቼዋለሁ» አለ ደምለው። «ምስጥ ጨርሶታል።»

«ሦስቴ ተሻገርኩበት እኮ! ንቅንቅ አላለም» አለ ይስማው።

«እስኪሰበር ድረስማ ለምን ይነቃነቃል?»

አያችሁ? ሳንቃው የለካው ያለፈውን ነው። ምስጡን አላየም።

«ለእኔ ስጪኝ» አለ ጓንጉል። «ስምንት ባመጣ ሁላችንም እንጠግባለን።»

«ባዶህን ብትመጣስ?» አሉት እናቱ።



«እኔ ሁለቱን ያለ ጥርጥር አመጣለሁ» አለ ደምለው።

እመት ጥሩወርቅ የሚበላውን አፍ የሚቆጥሩ ይመስል ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ። «ሁለት ቁና ለእናንተና ለሕፃናቱ ይበቃል» አሉ። «እኔ አሮጊቷ ብዙ በልቻለሁ።»

«አይሆንም!» ሦስቱም በአንድ ድምፅ ጮኹ።

ከታች ወንዙ ያጓራል። እመት ጥሩወርቅ ማሰሮዋን አቅፈው ገመዱ አጠገብ ተቀመጡ። ሦስት እጆች ተዘረጉላቸው።

አንዱ አጥግቦም ባዶ እጁን መጥቶም ያውቃል። አንዱ እስከ ዛሬ አልሳተም። አንዱ አይስትም፤ የሚያመጣው ግን እናቱን አያበላም። እንግዲህ ፍረዱ፦ ማሰሮዋ ለማን ትገባለች?