ዱካው ሳይሸፈን

አንድ ሰው ነበር፤ ምድር ቤት ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ።

አትሳቁ። የሚኖረው ኖርዌይ ነው፤ ክረምቱ ረጅም፣ መንገዱ በበረዶ እንደ መስተዋት የሚያንሸራትት አገር። እዚያ ያሉ ብስክሌት ወዳዶች በረዶው ሲመጣ ብስክሌታቸውን ወደ ቤት ያስገባሉ። የኋላውን ጎማ ብረት ማቆሚያ ላይ ያስሩትና እዚያው ተቀምጠው ይነዳሉ። እግር ይሮጣል፣ ጎማ ይሽከረከራል፣ ሰውየው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ብስክሌት የእንጀራ ሥራው አልነበረም። ቀኑን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ይውላል፤ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል። ትንሿ መስኮት በረዶ ተከምሮባት ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ታስገባለች። ዓይኑን ይጨፍንና ይነዳል። በሐሳቡ የበጋ ዳገት ይወጣል፤ የሞቀ አስፋልት ይሸተዋል፤ ሐይቅ ዳር ለዳር እየበረረ ይሄዳል። «ለፀደይ ውድድር ነው የምዘጋጀው» ይላል ሲጠይቁት።

እውነቱ ግን ያለው ከላይ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ።

ሳሎኑ ውስጥ ሚስቱ ተቀምጣለች። ወይንሸት ትባላለች። በመከር ወራት፣ የዛፉ ቅጠል ሲረግፍ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን አጥተዋል። ሳትወለድ። አልጋዋ ተገዝቶ፣ ትንሿ ክፍል ቢጫ ቀለም ተቀብታ ካለቀች በኋላ። ክፍሏ ያን ጊዜ ተዘጋች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም በሩን አልነካውም።

መጀመሪያ አብረው አለቀሱ። ቆየት ብሎ እሱ ተነሣ። ብስክሌቱን ወደ ምድር ቤት አወረደ። የሚያውቁት ሁሉ «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!» አሉት። ወደ እሷ ዞረው ደግሞ «አንቺም እንደ እሱ በርቺ እንጂ» አሏት።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህ ሰው ክፉ ነው? አይደለም። እግሩ ጠንካራ ነበር፤ በጠንካራ እግሩ ከሐዘኑ ቀድሞ ወጣ። ከመካከላችን ይህን ያላደረገ ማን አለ?

በበጋ ከጓደኞቹ ጋር ነበር የሚነዳው። የቡድኑ አለቃ ጋሽ ክፍሎም ናቸው፤ በወጣትነታቸው አስመራ ውስጥ ይወዳደሩ የነበሩ ሽበታም ሰው። በቡድን ሲነዳ ከፊት ያለው ሰው ነፋሱን በደረቱ ይሰብራል፤ ከኋላው ያለው ጎማ ለጎማ ተጠግቶ በእሱ ከለላ ያርፋል። ከለላው የሚሠራው ግን ሲቀራረቡ ብቻ ነው። ትንሽ ከተራራቁ የኋለኛው ነፋሱን ብቻውን ይጋፈጠዋል፤ የፊተኛው ልፋት ለእሱ ምንም አይጠቅመውም።

ከመከሩ በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ይህ ሰው ከፊት ሆኖ ሲነዳ ሁሉንም ጥሏቸው ሄደ። ዳገቱ ጫፍ ላይ በኩራት ቆሞ ሲጠብቅ ጋሽ ክፍሎም እያለከለኩ ደረሱ።

«ይድነቃቸው!»

«አቤት ጋሼ!»

«አውቶቡሱንም እንዲህ ነው የምትነዳው? ሰዉን ፌርማታ ላይ ትተህ፣ ባዶህን?»

ሁሉም ሳቁበት።

«ነፋሱን እየሰበርኩላችሁ ነበር እኮ!»

«ለማን? ለወፎቹ?» አሉት። «ስማ ልጄ። ከፊት ያለ ሰው አለፍ አለፍ እያለ አንገቱን ይደፋና በብብቱ ሥር ወደ ኋላ ያያል። የኋለኛው ጎማ እዚያው ካለ ይነዳል። ከሌለ ይቀንሳል። በቃ፤ ሌላ ጥበብ የለውም።»

ይድነቃቸው ሳቀ፤ «እሺ» አለ፤ ረሳውም። ምድር ቤት ውስጥ ደግሞ የሚከተለው የለ፤ ማንን ብሎ ያያል?

የፈረንጆቹ ገና ደረሰ። አንድ የሥራ ባልደረባው ጫካ ውስጥ ያለችውን የእንጨት ጎጆውን ለበዓሉ አዋሰው።

«ወይኒ፣ እንሂድ» አላት። «ሁለታችን ብቻ። ስኪ አስተምርሻለሁ።»

«ብስክሌቱን ትተኸው?»

«ትቼው።»

«ያ የልብ ምትህን የሚቆጥረው ሰዓትስ?»

እጁን አየት አደረገ። «እሱ እንኳ ... አይከብድም፤ ቀላል ነው።»

«አውቄዋለሁ!» አለች፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረች። «እሺ፣ እንሂድ።»

ያቺ «እሺ» ቀላል «እሺ» እንዳትመስላችሁ። ወይንሸት በልቧ አንድ ነገር ብቻ ይዛ ነው የተነሣችው፤ ስለ ልጃቸው አንዴ እንኳ አብረው እንዲያወሩ። ከመከር ወዲህ አንድ ቤት እየኖሩ ተጠፋፍተዋል። ይህ ጉዞ ካላገናኛቸው ምን እንደሚያገናኛቸው አታውቅም ነበር።

በደረሱ ማግስት ጠዋት ከጎጆዋ ሲወጡ ዓለም ነጭ ነበረች። ዛፎቹ ነጭ ተከናንበው እንደ ተኛ ሰው ጸጥ ብለዋል። አዲስ በረዶ ወርዶ መንገዱን አጥፍቶታል። ስኪ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ከጫማ ጋር የሚያያዝ ረጅምና ቀጭን መንሸራተቻ ነው፤ እጅ ደግሞ ሁለት ዘንግ ይይዛል። አዲስ በረዶ ላይ ከፊት የሚሄደው ሰው በመንሸራተቻው ሁለት መስመር ያወጣል፤ ተከታዩ በዚያ መስመር ይሄዳል።

«እኔ ከፊት ሆኜ እከፍትልሻለሁ» አላት። «አንቺ በዱካዬ ብቻ ነይ። ዱካዬን ካልለቀቅሽ ምንም አትሆኚም።»

ከልቡ ነው ያለው። ከፍቅሩ ነው ያለው።

ጀመረ። በረዶው ከእግሩ ሥር እንደ ሐር ጨርቅ ሹክ ይላል። ትንፋሹ ነጭ ጢስ ሆኖ ከፊቱ ይወጣና ይበተናል። ከመከር ወዲህ ምድር ቤት ውስጥ ያጠራቀመው ጉልበት አሁን መንገድ አገኘ። እግሩ መሬት የሚነካ አልመስል አለው። ጭጋጉ ወርዶ ሰማይና ምድር አንድ ሆኑ፤ ላይና ታች የለም፤ ትናንትና ነገ የለም። በረዶ መጣል ጀመረ፤ ትልልቅ፣ ለስላሳ፣ የማይቸኩል። በሕልሙ የሚሄድ መሰለው። ቢጫዋ ክፍል ከሐሳቡ ጠፋች። ሰዓቱን አየ፤ ልቡ እሱ በሚፈልገው ልክ እየመታ ነው። ደስ አለው። «ወይኒ በዱካዬ ናት» አለ በልቡ። «ከፍቼላታለሁ።»

አንድ ኮረብታ ጫፍ ላይ ቆመና ዞረ።

ማንም የለም።

ጠበቀ። «ወይኒ!» ብሎ ተጣራ። በረዶ ድምፅ ይውጣል፤ የገዛ ድምፁ ከአፉ ወጥቶ እዚያው እግሩ ሥር የወደቀ መሰለው። ዱካውን ተከትሎ ሊመለስ ዞረ። ዱካው ጥቂት ርቀት ይታያል፤ ከዚያ ይደበዝዛል፤ ከዚያ የለም። የሚጥለው በረዶ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ሲሞላው ቆይቷል።

ያን ጊዜ ልቡ መታ፤ ሰዓቱ በማያውቀው ምት። ያ ሁሉ ጫካ አንድ ዓይነት ነው። ብርድ አለ። የክረምቱ ቀንም አጭር ነው። አንዷን ቀብሯል። ይህችንም ሊያጣ ነው?

እየተጣራ ወረደ፤ እየወደቀ እየተነሣ። ረጅም መንገድ ከተመለሰ በኋላ ከነጩ መሐል አንድ ቀይ ነገር አየ። ሻርፗ ነው። ዘንጎቿን በረዶው ውስጥ አቆላልፋ ተክላ፣ ሻርፗን ከላይ አስራበት፣ እሷ ከሥሩ ቆማለች። ቅንድቧ ላይ በረዶ አለ።

«ወይኒ!»

«አለሁ፤ አትጩኽ» አለችው። «ዱካህ እዚህ ጋ አለቀ። ልፈልግህ ብዬ ብሄድ ይብሱን እንጠፋፋለን ብዬ ቆምኩ።»

«ከፍቼልሽ ነበር እኮ!»

«ከፍተህልኛል። እኔ ስደርስ ግን ተዘግቷል።»

እጇን ያዘ፤ ጓንቷ በብርድ ደርቋል።

«ቤትም እንዲሁ ነው፣ ይድነቅ» አለች ቀስ ብላ። «ምድር ቤት ስትነዳ ወለሉ እንደ ንብ ቀፎ ይርገበገባል። እግሬን ወለሉ ላይ አድርጌ አዳምጥሃለሁ። ሩቅ ስትሄድ ይታወቀኛል። ብስክሌቱ እዚያው ነው፤ አንተ ግን ሄደሃል። ሰው ሁሉ ተከተዪው ይለኛል። በየት በኩል ልከተልህ?»

ሰውየው አለቀሰ። ከመከር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሲመለሱ አሁንም ከፊት የሄደው እሱ ነው፤ መንገዱን መክፈት ያስፈልጋልና። ግን በየጥቂቱ አንገቱን እየደፋ በብብቱ ሥር ወደ ኋላ ያያል። የመንሸራተቻዋ ጫፍ ከታየው ይሄዳል፤ ካልታየው ይቆማል።

«ምን ሆነህ ነው የምታጎነብሰው?»

«አንቺን እያየሁ።»

«ተገልብጬ?»

«ተገልብጠሽም ታምሪያለሽ።»

ሳቀች። ሳቋ ጫካው ውስጥ ሩቅ አልሄደም፤ መሄድም አላስፈለገውም፤ የሚሰማው ሰው ቅርብ ነበር። በዚያ ዝግተኛ አካሄድ ደግሞ ማውራት ይቻላል። ወይንሸት ወሬ ጀመረች። ልጅቷን በሆዷ ሳለች በምን ስም ትጠራት እንደነበር ነገረችው። እሱ አያውቅም ነበር፤ ጠይቋትም አያውቅም። ስሟን አብረው ጠሩት፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ በረዶው በላያቸው እየወረደ።

ቤታቸው ሲገቡ መጀመሪያ የከፈቱት ቢጫዋን ክፍል ነው።

ይድነቃቸው ዛሬም በክረምት ብስክሌቱን ይነዳል። ብስክሌቱ ግን አሁን ሳሎን ውስጥ ነው። ወይንሸት ሶፋው ላይ ሆና «ዛሬስ የት ደረስክ?» ትለዋለች።

«እዚሁ» ይላታል እያለከለከ። «አንቺ ጋ።»

ወገኖቼ፣ ከእናንተ መካከል እግራችሁ የጠነከረ አላችሁ። በእምነት የጠነከራችሁ፣ ከሐዘን ቶሎ የተነሣችሁ፣ ይቅር ለማለት የፈጠናችሁ። ይህ ስጦታ ነው፤ አትፈሩበት። አንድ ሰው ከፊት ሆኖ መክፈት አለበት። ግን ስንቶቻችን ነን ከኮረብታው ጫፍ ላይ ቆመን «መንገዱ እኮ ተከፍቷል! ለምን አትመጡም?» የምንል? መንገዱን ከፍተናል። እነሱ ሲደርሱ ተዘግቷል። በጸሎት ቤት ሰንፋለች የምንላት እህት፣ ተስፋ ቆርጧል የምንለው ወንድም፣ ምናልባት ዱካችን ባለቀበት ቦታ ቆመው ይሆናል።

ከኋላ የቀራችሁም አላችሁ፤ ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ። ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። መቆማችሁ ስንፍና አይደለም። ቀዩን ሻርፕ ስቀሉት። ቀድሟችሁ የሄደውን «ዱካህ እዚህ ጋ አለቀ» ብላችሁ ንገሩት። ዝም ብላችሁ ጫካ ውስጥ አትግቡ። ሰው ቢዘገይ እንኳ፣ ከሁላችንም ፊት የሚሄደው ጌታ ወደ ኋላ ሳያይ ሄዶ አያውቅም። ፍጥነቱ ጠፍቶት አይደለም በእኛ እርምጃ የሚሄደው።

አሁን ወደየቤታችሁ ልትሄዱ ነው። በሩን ስትከፍቱ ሳሎኑ ውስጥ ማን ተቀምጧል? እግሩን ወለሉ ላይ አድርጎ ርቀታችሁን የሚያዳምጥ ማን ነው? አንገታችሁን ደፋ አድርጉ። በብብታችሁ ሥር እዩ።

ከሌለ ተመለሱ። በረዶው እየጣለ ነው።