ጦጢት ንግድ ልትማር ወጣች

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች፤ ትልልቆቹም ጆሯችሁን አውሱኝ። ድሮ ድሮ፣ አገር ስም ሳይወጣለት፣ ጦጢት የምትባል የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ወንዙ ከሞላ ገበያ የለም። ጎተራዋ ደግሞ ባዶ ነው። ያላት አንድ ቅል ሙሉ ማር ብቻ። ቅዳሜ፣ በመጨረሻው ገበያ፣ በማሽላ ካልለወጠችው ልጆቿ ክረምቱን አይወጡትም።

«ማሩስ አለኝ፤ ንግድ ግን አላውቅም» ብላ ተጨነቀች። ከንግድ ሙያ የትኛው እንደሚበልጥ ልትጠይቅ ቅሏን አንጠልጥላ ወጣች።

መጀመሪያ አውራ ዶሮን አገኘችው።

«ጋሽ ዶሮ፣ ከንግድ ሙያ የቱን ልማር?»

«መጣራት ነዋ! ያልጮኸን ነጋዴ ማን ያየዋል? የንግድ አናቱ እሱ ነው፤ ሌላው ገለባ! ግን እስቲ መጀመሪያ ቅምሻ» አለና ምንቃሩን ነከረ። ጦጢት ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ መጣራት ስትማር፣ ዶሮ ሲቀምስ ዋለ።

በማግስቱ ወደ እመት ቀበሮ ሄደች።

«ጩኸት? ጩኸትማ ውሻም ይችላል! ክርክር ነው እንጂ። ገዢ አንድ ሲልሽ አራት በይው፤ ሲሄድብሽ ጅራቱን ይዘሽ መልሺው። የንግድ አናቱ እሱ ነው፤ ሌላው ገለባ! ግን እስቲ መጀመሪያ ቅምሻ።» ጦጢት ክርክርም ተማረች፤ ቀበሮም ቀመሰች።

በሦስተኛው ቀን አያ ጅቦ ዘንድ ደረሰች።

«ስፍር ነው! መስፈር የማያውቅ ነጋዴ ከስሮ ይቀራል። የንግድ አናቱ እሱ ነው፤ ሌላው ገለባ! ግን እስቲ መጀመሪያ ቅምሻ።»

«በምን ትሰፍራለህ፣ አያ ጅቦ?»

«በምላሴ!» አለና እስከ ቅሉ ታች ድረስ ሰደደው። የዋህ ናትና ጭንቅላቷ ሲሞላ ቅሉ መጉደሉን ልብ አላለችም።

ቅዳሜ ደረሰ። ጦጢት «ማር! ማር! ነጭ ማር!» ብላ ስትጣራ ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ። እመት አህያ ማሽላዋን ጭና ቀረበች።

«ግማሽ ጆንያ እሰጥሻለሁ።»

«ሁለት!» አለች ጦጢት፤ አህያ ልትሄድ ስትልም ጅራቷን ይዛ አስቀረቻት። በአንድ ጆንያ ተስማሙ።

«በይ ስፈሪ።»

ጦጢት ቅሉን ዘቀዘቀችው። ጠብ የሚል ነገር የለም! ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። የልጆቿ ፊት ድቅን አለባትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ይኸኔ ሦስቱ አስተማሪዎች ሕዝቡን እየገፉ መጡ፤ የማሩ ጣዕም ከአፋቸው አልጠፋም።

«ምን ትነፋረቂያለሽ? ሂጂና ሌላ ቁረጪ እንጂ!» ብሎ አምባረቀ ጅብ።

«እናንተስ ለምን አትቆርጡም?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«እኔ ዛፍ መውጣት የት አውቄ!» አለ ጅብ።

«እኔ ንብ እፈራለሁ» አለ ዶሮ።

ቀበሮ አፍንጫዋን ዳበሰች። አንዴ ሞክራ አፍንጫዋ ለሳምንት አብጦ ነበር።

ጦጢት በእንባዋ መሃል ሳቋ አመለጣት። «ለካ ጩኸቱም፣ ክርክሩም፣ ስፍሩም አገሩን ሞልቶታል! ዛፉ ላይ የምወጣው ግን እኔ ብቻ ነኝ። በሉ፣ ጋሽ ዶሮ ተጣራ። እመት ቀበሮ ተከራከሪ። አያ ጅቦ…»

«እሱ ከሰፈረ እኔ ወደ ቤቴ!» አለች አህያ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ።

«አያ ጅቦማ ጆንያ ይሸከማል። ቅምሻ ግን ከሽያጭ በኋላ ነው!»

ይህን ብላ ወደ ጫካ በረረች። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሁለት ቅል ማር ይዛ ተመለሰች። ዶሮ ተጣራ፣ ቀበሮ ተከራከረች፣ ማሩ አለቀ። አመሻሽ ላይ አያ ጅቦ ሁለት ጆንያ ማሽላ ተሸክሞ፣ እያለከለከ፣ ከጦጢት ደጅ አራገፈ። የደረሰው አንድ ጣት ማር ነበር፤ እሷም የጦጢት ጣት ናት።

ወንዙ ሞላ፤ ልጆቿ ንፍሯቸውን እየበሉ ክረምቱን ወጡት። ጦጢትም ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ከድሮው የረዘመ ዛፍ መውጣት ትለማመድ ነበር።

የሰሙትም እንዲህ ተረቱ፦ የራሱን ሙያ የሳለ ማር ይቆርጣል፤ የሁሉ ሙያ ያማረው ቅል ይልሳል።