ጉንጭ ውስጥ የተረሳው ቅርንፉድ

አንድ ጊዜ ብቻ ፉት ባልኩት ሻይ የአንዲትን ሴት የእንጀራ ገመድ በጥሻለሁ።

ሴትዮዋ ደብሪቱ ትባላለች። በአንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ጦስኝ፣ ጠጅ ሳር፣ ዝንጅብልና የብርቱካን ልጣጭ አድርቃ፣ በየዓይነቱ ቀላቅላ፣ ለሻይ የሚሆን በትንንሽ ከረጢት ትሸጣለች። ለትምህርት ቤታችን መምህራን ሻይ ቅጠል የምገዛው እኔ ስለነበርኩ፣ አንድ ቅዳሜ አራት ዓይነት አፍልታ በትሪ ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ። ቀምሼ እንድመርጥላት ነው። ጎረቤቶችም ተቀምጠው ነበር። በዚያው ዓመት አንዲት ነጋዴ ሸክላ የተፈጨበት በርበሬ ሸጣልኝ ቤተሰቤ በሙሉ ሆዱን ታሞ ስለነበር፣ ሁለተኛ የሰው ቅመም ላላምን ምዬ ነበር። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ፉት አልኩና፣ የቀሩትን ሦስቱን ሳልነካ፣ «ይሄ ነገር ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል» አልኩ። ቃሉ በዚያው ቀን ሰፈሩን ዞረ። ከዚያ በኋላ ከደብሪቱ የገዛ ሰው አልነበረም።

ይህን ለማንም ሳልናገር ስድስት ዓመት ኖርኩ። ባለፈው ክረምት ግን ሐመልማል አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ሐመልማል በትምህርት ቤታችን ሒሳብ የምታስተምር ልጅ ናት፤ ሠላሳ አልሞላትም። ከሦስት ዓመት በፊት ያጫት ሰው በሌላ ከተማ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ሆኖ ተገኘ። ነገሩ በታወቀ ጊዜ ቤቴ መጥታ ያለቀሰችው ልቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«እትዬ ትርሲት፣ ሰው ሁሉ አስመሳይ የሆነብኝ ዘመኑ ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» አለችኝ።

«ደግሞ ማን አስመሰለብሽ?»

«ማን ያላስመሰለ አለ? ይሄ ሊያገባኝ የሚፈልገው አናጺ እሁድ ሽማግሌ ልላክ እያለኝ ነው።»

«ምን ጎደለው?»

«ምንም! እሱ አይደል እንዴ የሚያስጠረጥረኝ። ሰው እንዴት ምንም አይጎድለውም? እሱን ብቻ ብጠረጥር ደግሞ ጥሩ። አብራኝ የምታስተምረዋ ልጅ ምሳዋን ታካፍለኛለች፤ ምን ፈልጋ ነው? እናቴ እንኳ ሰሞኑን ስደውልላት ድምጿ ልክ አይደለም። የሆነ ነገር ትደብቀኛለች።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለሽማግሌዎቹ እንቢ በላቸው ብዬ ለወንድሜ ልንገረው? ይንገሩኝ፤ እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።»

ሻይ እየቀዳሁላት ነበር። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩና እንዲህ አልኳት፦

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነው፤ ከሀብቱ ይልቅ ግን በምላሱ ይመካል። በወጣትነቱ ቅመም ነጋዴ ስለነበር፣ ኮረሪማ በምላሱ ነክቶ የየት አገር እንደሆነ ይናገራል። ሰዎች ወጥ ሲጣፍጣቸው እንኳ «እሱ ምን አለ?» ብለው ሳይጠይቁ ጣፈጠን አይሉም ነበር።

ይህ ሰው ሴት ልጁን ሊድር ቀን ቆረጠ። የሙሽራው ወገኖች ጠላም ጠጅም የማይቀምሱ ናቸው፤ ስለዚህ ድግሱ በሻይ ይሁን ተባለ። ችግሩ የሙሽራው እናት ናት። ቅርንፉድ ከሸተታት ማስነጠስ ትጀምራለች፤ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ አርባ ጊዜ አስነጥሳ ለቀስተኛውን ሁሉ አስቃለች ይባላል። ሀብታሙም ሻይ በማፍላት የታወቁ ሦስት ሴቶች አስጠርቶ፣ «የፈለጋችሁትን ጨምሩ፤ ቅርንፉድ ግን እንዳይገባ። እቤቴ አምጡልኝና በምላሴ እመርጣለሁ» አላቸው።

ከሦስቱ አንዷ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ይህ ሥራ ከተሰጣት በከተማው ትታወቃለች፤ በሯንም ከፍታ ትኖራለች። ካልተሰጣት ግን ዕቃዋን ጠቅልላ ወንድሟ ቤት ልትገባ ነው፤ የወንድሟ ሚስት ደግሞ ለእንግዳ ፊት የላትም።

የሚቀመስበት ቀን ጠዋት ሀብታሙን ጥርሱን አመመው። የኋላ ጥርሱ ነው። ለማንም አልተናገረም፤ ምላሱን የሚያከብሩ ሰዎች ጥርሱን እንዲያሙ አልፈለገም። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አንድ ፍሬ ቅርንፉድ አንሥቶ በጉንጩ ወሸቀ። ጥርሱ ጥቂት ከጠዘጠዘው በኋላ ዝም አለለት። ዝም ሲልለት ሕመሙን ረሳው። ሕመሙን ሲረሳ ቅርንፉዱንም ረሳው።

ከቀትር በኋላ ሴቶቹ መጡ። ሀብታሙ ነጭ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ብርጭቆዎቹን ደረደረች። የመጀመሪያዋ የሚስቱ እኅት ናት፤ ያመጣችው በቀረፋ የፈላ ነው። ሀብታሙ ፉት አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ቅርንፉድ» አለ።

«ኧረ በልጆቼ! ቀረፋ ነው እንጂ!»

«ቀረፋውን ደርሼበታለሁ። ከሥሩ ቅርንፉድ አለ። ልትደብቂኝ ነው?»

የሚስቱ እኅት አኩርፋ ተቀመጠች። ሁለተኛዋ ጎረቤቱ ናት፤ የእሷ በዝንጅብልና በሎሚ የፈላ ነው። ሀብታሙ ፉት አለና፣ «ይኸኛውማ ብሶበታል» አለ። ጎረቤቲቱ ለራሷ ምላስ ያን ያህል ክብር የላትም። እሱ ካለ መቼም ውሸት አይሆንም ብላ፣ «ጋሼ፣ ምናልባት ማማሰያው ይሆናል፤ ባለፈው ዓመት ቅርንፉድ የነካ ይመስለኛል» አለች።

«አያችሁ!» አለ ሀብታሙ። «ዓመት የሞላው ሳይቀር አያመልጠኝም።»

ሦስተኛዋ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ አቀረበች። ጦስኝና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ነው። ሀብታሙ ፉት አለ። ደግሞ ፉት አለ።

«ቅርንፉድ።»

«አላስገባሁም» አለች ሴትዮዋ።

«ጎረቤቴ አምናለች እኮ። አንቺ ብቻ ትክጃለሽ?»

«እሷ ያስገባችውን እሷ ታውቃለች። እኔ ቤት ቅርንፉድ የገባው ባሌን ጥርሱን ያመመው ጊዜ ነው፤ ባሌም ከሞተ ሦስት ዓመቱ።»

«ከቅርንፉዱስ ይቅር እላለሁ፤ ከውሸቱ ግን አልልም። ውሸታም ሴት በልጄ ሠርግ ሻይ አታፈላም» አለ ሀብታሙ።

ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያዋን አንሥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

የሀብታሙ ሚስት ግን «ጥርስ» የሚለውን ቃል ሰምታ የባሏን ፊት ተመለከተች። የግራ ጉንጩ እንደ ለውዝ ትንሽ ነገር አብጧል። ወደ ጓዳ ገባች፤ በንጹሕ ብርጭቆ አንድ ነገር ሞልታ፣ እንፋሎቱ እየተነሣ አመጣችለት።

«አንድ ቀርቶ ነበር፤ ይህንንም ቅመስ።»

ፉት አለ። ፊቱ ተጨማደደ።

«በስመ አብ! ይሄስ ቅርንፉድ ብቻ ነው! ዛሬ ከቀመስኩት ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። የማን ነው?»

«የጉድጓዳችን» አለች ሚስቱ።

«የማን?»

«የጉድጓዳችን ውሃ ነው። አሙቄው ነው እንጂ ምንም አልነካው። አፍህን ክፈት።»

ከፈተ። ቅርንፉዱ ሳትነካው ራሱ ወርዶ ብርጭቆው ውስጥ ጠብ አለ። የሚስቱ እኅት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎረቤቲቱም፣ «እኔስ ማማሰያዬ ንጹሕ እንደነበረ ልቤ ያውቃል» አለች።

ሀብታሙ ቅርንፉዱን ከብርጭቆው በጣቱ አወጣና፣ «ሰው ልኬ ላስጠራት» አለ።

ሚስቱ ግን፣ «ውሸታም ያላት ያንተ አፍ ነው። ወደ እሷ የሚሄደውም ይኸው አፍ ይሁን» አለችው።

አፉን ተጉመጥምጦ በእግሩ ተነሣ። ቅርንፉዱ ወጥቷልና፣ መንገድ ላይ ምላሱ እየተፈታለት ሲመጣ ጥርሱ ደግሞ ተነሣበት። ሴትዮዋ ደጅ ሲደርስ ግማሽ ፊቱ ይጠዘጥዘው ነበር። እሷ ሰሃኖቿን በጨርቅ ትጠቀልላለች፤ ወደ ወንድሟ ቤት ልትሄድ ነው።

«ሻዩን ቅጂልኝ፤ በትክክል አልቀመስኩትም» አላት።

ቀዳችለት። ትኩስ ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ የታመመ ጥርሱን ሲነካው እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሴትዮዋ ደነገጠች። ተጸጽቶ የሚያለቅስ መሰላት።

«ኧረ አይዞዎት ጋሼ! ይህንን ያህልስ አያስለቅስም!»

እሱም ጥርሱ መሆኑን አልነገራትም። እየተንሰፈሰፈ እስከ አተላው ጠጣው።

«ጦስኝ ነው፤ የብርቱካን ልጣጭ ነው። ቅርንፉድ የለበትም። ቅርንፉዱ የነበረው በኔ ጉንጭ ነው፤ ይህንንም በሰዎቹ ሁሉ ፊት እናገራለሁ» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ግን ያልነገርሽን አንድ ነገር አለበት» አላት።

ሴትዮዋ አፈረች። «ጨው ነው። በቁንጥጫ ናት እኮ።»

«አወቅኋት» አለ ሰውየው፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሱ እውነት ተናገረ።

በሠርጉ ቀን የሙሽራው እናት አራት ብርጭቆ ጠጣች። አንድ ጊዜም አላስነጠሰችም።

ይህን ነግሬ ወደ ሐመልማል ዞር አልኩ።

«እንግዲህ ስሚኝ፤ ቅርንፉዱ ክፉ ነገር አይደለም» አልኳት። «ያ ሰው በከዳሽ ጊዜ ሰው አላምንም ያልሽው ለሕመምሽ መድኃኒት ነበር፤ አስታግሶልሻል። ሕመሙ ሲለቅሽ ግን ከጉንጭሽ ማውጣቱን ረሳሽው። አሁን አናጺውም፣ ምሳዋን የምታካፍልሽ ልጅም የቀዱልሽ ሁሉ ያው ቅርንፉድ ይልሻል። ቅመሙ የእነሱ ነው ወይስ ያንቺ ብለሽ መለየት ከፈለግሽ ተራ ውሃ ቅመሺ። እናትሽ የጉድጓድ ውሃ ናት፤ እሷም እንኳ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ብላሻለች። አናጺው ጥሩ ሰው ነው አልልሽም፤ አላውቀውም። ምናልባት እሱም ያልነገረሽ ቁንጥጫ ጨው ይኖረው ይሆናል። አፍሽን ተጉመጥምጠሽ ቅመሺውና አንቺው ፍረጂ። ስታወጪው ግን ጥርሱ መልሶ ሊያምሽ ይችላል፤ እሱን አልደብቅሽም።»

የሐመልማል ምላስ በጉንጯ ውስጥ ሲዞር አየሁት።

«የኔስ ጥርስ ደህና ነው» አለችና ሳቀች። ቦርሳዋን አነሣች። «ይምጡ እንግዲህ እሁድ። ወንድሜም ሽማግሌዎቹን ይስማቸው፤ እኔም ሰውየውን ልየው። መጀመሪያ ግን እናቴ ጋ ልደውል።»

በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች።

«እትዬ ትርሲት፣ ሰውየው ግን በእውነት ሄደ? ያን የሚያህል ሀብታም በእግሩ ሄዶ ሰው ደጅ ቆመ?»

«ሄደ» አልኳት።

ምሳሌው ውስጥ ሄዷል። እኔ ግን አልሄድኩም። ያን ቅዳሜ ደብሪቱ ትሪዋን ይዛ ስትወጣ አንዲት ከረጢት ጠረጴዛዬ ላይ ረስታ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጉንፋን ሲይዘኝ አፈላኋት። ያው ፉት ያልኩት ሻይ ናት፤ ከጦስኝና ከብርቱካን ልጣጭ በቀር ሌላ ምንም የለባትም። ደብሪቱ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት በግቢው ቆይታለች። ከበሬ እስከ በሯ ሠላሳ እርምጃ ነው። አንድ ቀን እኩሌታውን ሄጄ፣ በሯ ተከፍቶ ሳየው ውሃ ልቀዳ የወጣሁ መስዬ ከቧንቧው ተመለስኩ። ባልዲ እንኳ አልያዝኩም ነበር። በሳምንቱ ክፍሏን ለቃ ሄደች፤ ወዴት እንደሄደች የነገረኝ የለም፤ በኋላም ጠይቄ አላገኘኋትም። ያን መንገድ ለሀብታሙ የሰጠሁት እኔ ስላልሄድኩበት ነው።

ደብሪቱ፣ ይህ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ፣ ሻይሽ ንጹሕ ነበር። እሷ ካላነበበችው ግን፣ ያነበባችሁት እናንተ፣ ይቅር በሉኝ።